የግሪክ ተማሪዎች ዝግጅት ኒውዮርክ ላይ፦ ጊዜም ብርም ለሚያጥረው አበሻ ተማሪ የቱ ይሻላል?

ኒውዮርክ የምትማሩ ልጆች፣ በየካምፓሱ ያሉት የግሪክ ተማሪዎች ማህበራት ከሴፕቴምበር እስከ ሜይ የማያዘጋጁት ነገር የለም፣ ዳንስ አለ፣ ቡና አለ፣ ሙዚየም አለ፣ ታቨርና (የግሪክ ምግብ ቤት) አለ፣ ሰልፍ አለ፣ ፋሲካ አለ፣ ስፕሪንግ ብሬክ ላይ ግሪክ ድረስ ይዘው የሚሄዱም አሉ። አብዛኛው ግሪክ ላልሆነ ሰውም ክፍት ነው፣ እንዲያውም እንግዳ ሲመጣ ደስ ይላቸዋል። ግን ክላስ አለ፣ ስራ አለ፣ ብሩም አይበቃም፣ ሁሉም ጋ መሄድ አይቻልም። ብዙ ጊዜ የማየው የኛ ልጆች ፍላየሩ ያማረውን መርጠው አንዴ ታቨርና ይሄዳሉ፣ ሂሳቡ ያስደነግጣቸዋል፣ በዛው ይቀራሉ። እኔ ደሞ ለኛ ሰው ከሁሉም የሚሻለው ፍላየር እንኳን የማይሰራለት ዝግጅት ነው ባይ ነኝ፣ እሱም የስቅለት ማታ። ለምን እንደሆነ ወደ ታች በደንብ እጽፋለሁ፣ እስከዛ ግን ሌሎቹም መታወቅ አለባቸው ምክንያቱም ሁላችንም የምንፈልገው ነገር አንድ አይደለም።

ካምፓስ ካሌንደር ላይ ግሪክ ዊክ ወይም ግሪክ ላይፍ የሚል ካያቹ እሱ የፍራተርኒቲና የሶሮሪቲ ጉዳይ ነው፣ ከግሪክ አገርና ህዝብ ጋር አይገናኝም። ሄለኒክ የሚል ስም ያለውን ማህበር ነው መፈለግ ያለባቹ።

ሰው ለመተዋወቅ ከሆነ፦ ዳንስ፣ ቡና ወይስ ታቨርና

ከሶስቱ እኔ ዳንሱን ነው የምመርጠው። ብዙ ጊዜ ፍሪ ነው ወይ ትንሽ ነገር ነው የሚከፈለው፣ በሳምንት አንድ ማታ የሆነ አዳራሽ ውስጥ ይሰበሰባሉ፣ ልብስ አይጠየቅም፣ አጣማሪ ይዞ መምጣት አያስፈልግም። ብቻውን የሚቆም ሰው የለም ምክንያቱም ሁሉም እጅ ለእጅ ተያይዞ ክብ ይሰራል፣ ክርን ታጠፍ ይደረግና እጅ ወደ ትከሻ ከፍ ይላል፣ ክቡ ወደ ቀኝ ይሄዳል፣ አዲስ የመጣውን ሰው ሁለት የሚችሉ ሰዎች መሀል ያስገቡታል። መጀመሪያ ከሚያስተምሩት አንዱ ካላማቲያኖ ነው፣ 12 እርምጃ አለው፣ ምቱ 7/8 ነው፣ ማለትም አንድ ረጅም ሁለት አጭር። ረጅም፣ አጭር፣ አጭር እያላቹ በአፋቹ ከቆጠራቹ ጥቂት ዙር እንደሄዳቹ እግራቹ ራሱ ይይዘዋል። ፊት ላይ ያለው መሪ መሀረብ ይይዛል፣ የመሀረቡን ሌላ ጫፍ ከሱ ቀጥሎ ያለው ሰው ጠበቅ አድርጎ ይይዝለታል፣ መሪው እሱን ተደግፎ ይዘላል፣ ቁጢጥ ብሎ ይነሳል፣ ጫማውን በእጁ ይመታል። የኛ ጨዋታ ትከሻና አንገት ላይ ነው የነሱ እግር ላይ ነው፣ ስለዚ እስክስታ የሚችል ሰው ወዲያው ይችለዋል ማለት አይደለም፣ ግን ምት የሚሰማ ጆሮ ካላቹ ከሌላው እንግዳ ትቀድማላቹ።

አንድ መታወቅ ያለበት ስርዓት አለ። ዘይቤኪኮ የሚባለው ሲጀመር ክቡ ይፈርሳል፣ ይሄ 9/8 ነው፣ የአንድ ሰው ዳንስ ነው፣ አንድ ሰው ተነስቶ እጁን እንደ ክንፍ ዘርግቶ የውስጡን ያወጣል፣ ሌላው ዙሪያውን በርከክ ብሎ ያጨበጭባል። ሞቅ ብሏቹ ተነስታቹ አብራቹት ብትደንሱ እንደ ድፍረት ነው የሚቆጠረው፣ እስኪጨርስ ጠብቁ። ሲርታኪ የሚባለው ሁሉም ሰው የሚያውቀው ዳንስ ደሞ ጥንታዊ የሚመስላቹ ካላቹ በ1964 ለወጣ ፊልም የተቀናበረ ነው፣ መሰረቱ ግን ሃሳፒኮ የሚባል የቆየ ዳንስ ነው፣ አስተማሪው ጎበዝ ከሆነ ሃሳፒኮውን አስቀድሞ ያሳያቹሃል።

ዓይን አፋር ከሆናቹ ወይ ደሞ ዳንስ አልወድም ካላቹ የቡና ሰዓቱ አለ፣ አንዳንዱ ካምፓስ የቋንቋ ጠረጴዛ ይለዋል፣ ግሪክኛ የሚማሩ ልጆችም ይመጣሉ። ቡናው ብሪኪ በምትባል እጀታ ያላት ትንሽ ዕቃ ይፈላል፣ አይጠልም፣ አተላው ሲኒው ስር ይቀራል ስለዚ የመጨረሻዋን ጉንጭ ተዉት። ስኳሩ አብሮ ስለሚፈላ ሲያዙ ነው መንገር ያለባቹ፣ ያለ ስኳር ስኬቶ፣ መካከለኛ ሜትሪዮ፣ ጣፋጭ ግሊኮ። በበረዶ የሚጠጣው ፍራፔ በ1957 ተሰሎንቄ ውስጥ የንግድ ትርኢት ላይ ነው የተጀመረው፣ በነስካፌ። እንደኛ አቦል፣ ቶና፣ በረካ የለም፣ አንዷ ትንሽ ሲኒ ናት ረጅም ወሬ የሚወራባት። ወሬ ለመጀመር የሚጠቅም ነገር ልስጣቹ፣ የአክሱም ነገሥታት ሳንቲማቸው ላይ በግሪክኛ ይጽፉ ነበር፣ የኢዛና ድንጋይም ላይ ከግዕዝና ከሳባ ጋር ግሪክኛ አለ። ይሄን የማያውቁ የግሪክ ልጆች ብዙ ናቸው፣ ስልካቹ ላይ የሳንቲሙን ፎቶ አውጥታቹ አንብቡልኝ በሏቸው፣ ፊደል በፊደል ያነቡታል፣ ከዛ በኋላ ጠረጴዛው ላይ እንግዳ አይደላቹም።

ታቨርናው ሶስተኛ ነው የሚመጣው ለኔ። መጥፎ ሆኖ አይደለም፣ ሰው ሳታውቁ ከሄዳቹ ግን ብር አውጥታቹ ሙዚቃው ውስጥ ሳትተዋወቁ ነው የምትመለሱት። ብዙ ጊዜ የሚሄዱት ኩዊንስ አስቶሪያ ነው፣ በኤን ወይ በደብልዩ ባቡር፣ ዲትማርስ ወይ 30ኛ አቬኑ ትወርዳላቹ። ምግቡ መሀል ላይ ይቀመጥና ሁሉም ከዛ ያነሳል፣ ይሄ ለኛ አዲስ አይደለም። ቡዙኪ የሚባለው ክራር መሰል የግሪክ መሳሪያ በቀጥታ የሚጫወትበት ቤት ከሆነ ጨዋታው የሚሞቀው እኩለ ሌሊት አካባቢ ነው፣ በነጋታው ጠዋት ክላስ ያለው ሰው ያስብበት። ሂሳብ ለሁሉም እኩል ይካፈላል፣ ሰላጣ ብቻ የበላውም ኦክቶፐስ ያዘዘውም አንድ ነው የሚከፍለው፣ ስለዚ ከመሄዳቹ በፊት አዘጋጁን ለሰው ስንት ነው፣ መጠጥ ይጨምራል ወይ፣ ቲፕ ገብቶበታል ወይ ብላቹ ጠይቁ፣ ቁርጥ ዋጋ ያለው ቲኬት ካለ እሱን ያዙ። ኡዞ ውሃ ሲገባበት ወተት ይመስላል፣ ቀላል ነው ብላቹ እንዳትሸወዱ 40 ፐርሰንት አካባቢ አልኮል ነው። ከ21 በታች ከሆናቹ አይዲ ይጠየቃል። ሳህን መስበር የሚባለውን ደሞ አትጠብቁ፣ አሁን የሚበተነው አበባ ወይ ናፕኪን ነው።

ከዚህ ሁሉ በላይ ግን ስጋውን ጠይቁ። ሱቭላኪ ሲባል በግ ወይ ዶሮ የሚመስለው ሰው ብዙ ነው፣ ግሪኮች ጋ ሱቭላኪ በብዛት አሳማ ነው፣ ማህበሩ ካምፓስ ላይ የሚጠብሰውም ጭምር። አሳማውን ሂሪኖ ይሉታል፣ ዶሮ ኮቶፑሎ፣ በግ አርኒ። አንዴ ብትጠይቁ ማንም አይቀየማቹም፣ ሙስሊም ተማሪዎች ስላሉም ለምደውታል፣ ግን ዶሮውም በጉም ሀላል ነው ማለት አይደለም፣ ሀላል የምትበሉ ልጆች ከአትክልቱ ጋ ብትቆዩ ይሻላል፣ ባቄላ የሚያህል ነጭ ቦሎቄ በቲማቲም ወጥ የሚሰራው ጊጋንቴስ ብቻውን ያጠግባል።

ታሪክ ለምትወዱ

እዚህ ጋ ምርጫው ኦክቶበር 28፣ ኖቬምበር 17፣ ሙዚየምና የማርች 25 ሰልፍ ነው። ብዙ ሰው ሰልፉን ይመርጣል፣ እኔ ግን ኦክቶበር 28ን ነው የማስቀድመው።

ኦክቶበር 28 የኦሂ ቀን ነው፣ የእምቢታ ቀን። በ1940 በዛ ሌሊት፣ ገና ሳይነጋ፣ አቴንስ የነበረው የጣሊያን አምባሳደር የግሪኩ መሪ ሜታክሳስ ቤት ሄዶ ከእንቅልፉ ቀሰቀሰው፣ የሙሶሊኒን ደብዳቤ ሰጠው፣ የጣሊያን ጦር ግሪክ ውስጥ ይግባ የሚል። ሜታክሳስ እምቢ አለ፣ ጦርነቱ በዛው ተጀመረ፣ የግሪክ ጦርም ጣሊያንን ወደ አልባንያ መልሶ ገፋው። እስቲ ቀኑን አስቡት። ጣሊያን እኛን የወረረው ኦክቶበር 1935 ነው፣ ያ ደብዳቤ ሲሰጥ አርበኞቻችን በየጫካው አምስተኛ ዓመታቸውን እየተዋጉ ነበር፣ አዲስ አበባ ንጉሡ የተመለሱት በ1941 ሜይ 5 ነው፣ ሚያዝያ 27 የምናከብረው። አንድ ጠላት ነው። ማህበራቱ ብዙ ጊዜ በዚህ ቀን አንድ ፕሮፌሰር ይጋብዛሉ ወይ ዶክመንተሪ ያሳያሉ፣ ፍሪ ነው፣ ትንሽ ቁርስ ምናምን አለ፣ መጨረሻ ላይ ጥያቄ ይከፈታል። እዛ ቁጭ ብሎ አያቴ አርበኛ ነበሩ የሚል ኢትዮጵያዊ ሲነሳ ክፍሉ ዝም ይላል፣ ምክንያቱም የነሱም አያቶች ናቸው። የአያቶቻቹን ታሪክ ቤት ደውላቹ ጠይቃቹ ሂዱ፣ የት ተዋጉ፣ ከማን ጋ ነበሩ። ሜታክሳስ ራሱ ፓርላማ ዘግቶ የሚገዛ አምባገነን እንደነበርም ይነሳል፣ ግሪኮች በዚህ ላይ ይከራከራሉ፣ ክርክሩ ራሱ መስማት ያለበት ነገር ነው።

ኖቬምበር 17 በ1973 አቴንስ ፖሊቴክኒክ ውስጥ ተማሪዎች በወታደራዊው መንግስት ላይ ተነስተው ታንክ በሩን ጥሶ የገባበት ቀን ነው። መፈክራቸው ዳቦ፣ ትምህርት፣ ነፃነት ነበር፣ ወታደራዊው መንግስት በዓመቱ በጁላይ 1974 ወደቀ። መሬት ለአራሹን እየሰማ ላደገ ሰው ብዙ ማብራሪያ አያስፈልገውም። ዝግጅቱ አነስ ያለ ነው የሚሆነው፣ ፖለቲካ ለሚወድ ሰው ብቻ ነው የምመክረው።

ሙዚየሙ ሜትሮፖሊታን ነው፣ አጭሩ ሜት። የኒውዮርክ ነዋሪ ከሆናቹ ወይ ኒውዮርክ፣ ኒው ጀርሲ ወይ ኮኔቲከት የምትማሩ ከሆነ የቻላቹትን ከፍላቹ ነው የምትገቡት፣ አይዲ ያዙ። ረቡዕ ዝግ ነው፣ አርብና ቅዳሜ እስከ ምሽት 9 ሰዓት በፈረንጅ አቆጣጠር ክፍት ነው፣ የማህበር ጉብኝት አርብ ማታ ከተደረገ እሱን ምረጡ ሰው ይቀንሳል። ብቻ መሄድና ከማህበሩ ጋር መሄድ ልዩነት አለው፣ አብዛኛውን ጊዜ የሚያስጎበኘው አርኪዮሎጂ ወይ ጥንታዊ ግሪክ የሚያጠና ተማሪ ስለሆነ ጽሁፉን እያነበበ ነው የሚያሳያቹ።

እዛ ስትገቡ ሁሉም ወደ ትልቁ የእብነ በረድ ወጣት ነው የሚሮጠው፣ ከክርስቶስ ልደት በፊት 590 አካባቢ የተቀረጸው፣ እሱንም እዩት። ግን ከሱ በላይ የዕድሜ ባለጸጋ የሆነ የሸክላ ጋን አለ፣ ቁመቱ ከ1 ሜትር የሚበልጥ፣ ከክርስቶስ ልደት በፊት በ8ኛው ክፍለ ዘመን አቴንስ አካባቢ የመቃብር ምልክት ሆኖ የተሰራ። ቀረብ ብላቹ እዩት። መሀል ላይ አስከሬን አልጋ ላይ ተኝቷል፣ ግራና ቀኙ ሰዎች ተደርድረዋል፣ ሰውነታቸው ሶስት ማዕዘን ብቻ ነው፣ ሁለት እጃቸውን አናታቸው ላይ አድርገው ያለቅሳሉ። ከስር ሰረገላና ጋሻ የያዙ ሰዎች ይሄዳሉ። ማንም ሳያስረዳቹ ለቅሶ ቤት እንደሆነ ታውቃላቹ። ይሄን ጋን ሳያሳዩ ወደ ሮማ ክፍል የሚያልፉ አስጎብኚዎች አሉ፣ እንዳያልፉት ጠይቁ።

ሰልፉ በፊፍዝ አቬኑ ነው፣ በማርች መጨረሻ ወይ በኤፕሪል ባለ አንድ እሁድ፣ ግሪኮች ኦቶማንን በ1821 የተነሱበት የነፃነት ቀን መታሰቢያ። ፍሪ ነው፣ ውጪ ነው፣ ብርድ ሊሆን ይችላል፣ ብዙ መቆም አለ። ከግሪክ የፕሬዚዳንቱ የክብር ዘበኞች ኤቭዞኖች ይመጣሉ፣ ፉስታኔላ የሚባለው ነጭ ሽርጣቸው 400 እጥፋት አለው፣ ኦቶማን የገዛበትን 400 ዓመት ነው ይላሉ። የተማሪ ማህበራት በየዩኒቨርሲቲያቸው ባነር ስር ይሄዳሉ፣ ጓደኛ ካላቹ አብራቹ መሄድ ይቻል እንደሆነ ጠይቁት፣ ከዳር ሆኖ ከማየት ውስጥ ገብቶ መሄድ በጣም ይሻላል። ለፎቶና ለልጆች ሰልፉ፣ ለንግግር ኦክቶበር 28።

ግማሽ ቀን ብቻ ካላቹ ደሞ ማህበሩን ሳትጠብቁ ወርልድ ትሬድ ሴንተር ጋ ያለውን የቅዱስ ኒቆላዎስ ቤተክርስቲያን እዩት። የድሮው ህንፃ ሴፕቴምበር 11 ቀን 2001 ማማው ሲወድቅበት ጠፋ፣ አዲሱን ሳንቲያጎ ካላትራቫ ነው የነደፈው፣ በ2022 ተመርቆ ተከፈተ፣ የለበሰው እብነ በረድ የአቴንሱ ጥንታዊ ቤተ መቅደስ ፓርተኖን ከተሰራበት ከፔንቴሊ ተራራ የመጣ ነው። ማታ ከውስጥ ሲበራ ግድግዳው ራሱ ያበራል።

ምግብና ጾም ለሚያስጨንቃቹ

ጃንዋሪ ላይ ቫሲሎፒታ ይቆርጣሉ፣ የቅዱስ ባስልዮስ ኬክ፣ ውስጡ ሳንቲም ይደበቃል። ቅዳሴ ባስልዮስን ለሚያውቅ ሰው ቅዱሱ አዲስ አይደለም። መጀመሪያ ለክርስቶስ ይቆረጣል፣ ከዛ ለቤቱ፣ ከዛ በተራ ለሰው፣ ሳንቲሙ የደረሰው ዓመቱ ይቀናዋል። በጣም ቀላል ዝግጅት ነው፣ አጭር ነው፣ ርካሽ ነው፣ ማህበሩን መጀመሪያ ለማየት ጥሩ በር ነው።

ከዛ ፌብሯሪ አካባቢ ካርኒቫል የሚባለው ከጾም በፊት ያለው የጨዋታ ሰሞን ይመጣል፣ እዚህ ላይ የጾም ቀናችን ከነሱ ጋር አንድ ሳምንት ስለሚለያይ ልብ በሉ። ጺክኖፔምፕቲ የሚባለው ሀሙስ ቀን ስጋ የሚጠበስበት ነው፣ ጭሱ ሰፈሩን ሁሉ ይሞላል፣ እሱ ሁሌም የሚውለው የኛ ዐቢይ ጾም ከሚገባበት ሰኞ በፊት ባለው ሀሙስ ነው፣ ስለዚ ጿሚ ሁሉ በሰላም ሄዶ መብላት ይችላል። የካርኒቫሉ ማስክ ፓርቲ ግን ብዙ ጊዜ ከዛ በኋላ ባለው ዊኬንድ ነው፣ ያኔ እኛ ዘወረደ ላይ ነን፣ እነሱ ገና ቺዝ የሚበሉበት ሳምንት ላይ ናቸው። ፓርቲው ላይ ከሰላጣና ከዳቦ ሌላ የሚበላ ላታገኙ ትችላላቹ።

የነሱ ጾም በንጹህ ሰኞ ይጀምራል፣ ያን ቀን ሴንትራል ፓርክ ወጥተው ካይት ያበራሉ፣ ላጋና የሚባል ሰሊጥ የተነሰነሰበት ጠፍጣፋ ዳቦ ይበላል። ጿሚ ለሆነ ሰው ከሁሉም ተስማሚ ይመስላል፣ ስጋ የለም ወተት የለም እንቁላል የለም፣ ግን የነሱ ጾም ሽሪምፕ፣ ካላማሪና ኦክቶፐስ ይፈቅዳል፣ ታራማ የሚባለው ሮዝ ቅባት ደሞ የዓሣ እንቁላል ነው። ሁሙስ (የሽምብራ ቅባቱ) መስሏቹ በዳቦ እንዳትጠቅሱት። የምትበሉት ጊጋንቴስ፣ በሩዝ የተሞላ የወይን ቅጠል፣ የአተር ክክ ወጥ የሚመስለው ፋቫና ሃልቫ ነው፣ ለኛ ጾም ይሄ ከበቂ በላይ ነው። ምግብ ፈልጋቹ የምትሄዱ ከሆነ ከጺክኖፔምፕቲና ከንጹህ ሰኞ አንዱን ምረጡ፣ ማስክ ፓርቲውን ዝለሉት።

ግሪክ ድረስ መሄድ

የስፕሪንግ ብሬክ ጉዞ ለብዙዎቻችን ጥያቄው ብር ብቻ አይደለም ወረቀትም ነው። የኢትዮጵያ ፓስፖርት ካላቹ ግሪን ካርድ ቢኖራቹም ሸንገን ቪዛ ያስፈልጋቹሃል፣ ክፍያው 90 ዩሮ ነው፣ ከጉዞው 6 ወር ጀምሮ ማመልከት ይቻላል፣ ቢያንስ 15 ቀን ሲቀረው መግባት አለበት፣ ግን እስከዛ አትጠብቁ ቀጠሮ ይጠፋል። ኤፍ-1 ላይ ያላቹ ደሞ አይ-20 ላይ የጉዞ ፊርማ ይኑራቹ፣ የአሜሪካ ቪዛቹ ለመመለስ የሚሰራ መሆኑንም እዩ፣ ካልሆነ ግሪክ ሳይሆን ኤምባሲ ደጅ ነው ብሬኩ የሚያልቀው። የጥገኝነት ጉዳያቹ በሂደት ላይ ያለ ሰዎች ጠበቃ ሳታናግሩ ቲኬት እንዳትቆርጡ፣ በጣም ነው የምለምናቹ። ወረቀታቹ ሙሉ ከሆነና ከቻላቹ ሂዱ፣ ግን ማርች ላይ ደሴቶቹ አብዛኛው ሆቴል ዝግ ነው፣ ሳንቶሪኒ የሚል ፕሮግራም ካያቹ ተጠራጠሩት፣ አቴንስ፣ ዴልፊና ሚኬኔ የሚለው ይሻላል። አክሮፖሊስ መግቢያው ከ2025 ጀምሮ 30 ዩሮ ስለሆነ ጥቅሉ ውስጥ መካተቱን ጠይቁ። ካልተሳካ ግን የቀረባቹ ነገር እንዳይመስላቹ፣ አስቶሪያ በሰብዌይ ይደረሳል።

የስቅለት ማታ

አሁን ወደ ዋናው። የነሱ ፋሲካና የኛ ፋሲካ ሁሌም አንድ ቀን ነው የሚውለው። ገናችን ይለያያል፣ ጥምቀታችን ይለያያል፣ ፋሲካ ላይ ግን አንድ ነን። ማህበራቱ በዚህ ሳምንት ሶስት ነገር ያዘጋጃሉ፣ አርብ ማታ ቤተክርስቲያን አብሮ መሄድ፣ ቅዳሜ እኩለ ሌሊት ትንሣኤ፣ እሁድ ወይ በሚቀጥለው ዊኬንድ በግ ጥብስ። አብዛኛው እንግዳ ቅዳሜን ይመርጣል፣ ያምራልም፣ መብራት ሁሉ ይጠፋል፣ ካህኑ አንዲት ጧፍ ይዞ ይወጣል፣ እሳቱ ከሰው ወደ ሰው ይተላለፋል፣ ክሪስቶስ አነስቲ (ክርስቶስ ተነሣ) ሲሉ አሊቶስ አነስቲ (በእውነት ተነሣ) ይባላል። ግን የኛም ሌሊት እኮ ነው። ኢትዮጵያዊ ቤተክርስቲያን አጠገባቹ ካለ ነጠላቹን ለብሳቹ ክርስቶስ ተንሥአ እሙታን የሚባለው ጋ ነው መገኘት ያለባቹ ብዬ ነው የማምነው፣ ለሌላ ዝግጅት ብላቹ አትተዉት። ቤተክርስቲያን የሌለበት ከተማ ያላቹ ግን ሂዱ፣ ብቻቹን ክፍላቹ ውስጥ ከማሳለፍ ስንት ጊዜ ይሻላል።

አርብ ግን አይጋጭም። የኛ ስግደት አመሻሽ ላይ ያልቃል፣ የነሱ ትልቁ ስርዓት የሚጀምረው ማታ ነው። ኤፒታፊዮስ ይባላል። ከእንጨት የተቀረጸ እንደ ድንኳን ያለ ነገር አለ፣ የክርስቶስ መቃብር ነው፣ ሴቶችና ልጃገረዶች ሀሙስ ሌሊቱን ቁጭ ብለው በአበባ ሲሸፍኑት ያድራሉ፣ ነጭና ቀይ ካርኔሽን፣ ጽጌረዳ፣ እንጨቱ እስከማይታይ ድረስ። ውስጡ የጌታ ግንዘት የተጠለፈበት ጨርቅ ይቀመጣል። ህዝቡ ሙሾ የሚመስል ረጅም ዜማ በሶስት ክፍል ያዜማል፣ ከዛ ኤፒታፊዮሱን ትከሻቸው ላይ ተሸክመው ወደ መንገድ ይወጣሉ፣ አስቶሪያ ውስጥ ቅዱስ ድሜጥሮስ ካቴድራል አካባቢ ከሆናቹ መንገዱ በሻማ ይሞላል፣ ሰው በመስኮት ብቅ ብሎ ያያል፣ መኪና ይቆማል። ሲመለሱ በሩ ላይ ከፍ አድርገው ይይዙታል፣ ህዝቡ አጎንብሶ ከስሩ ያልፋል፣ እናንተም ታልፋላቹ ማንም አይከለክላቹም።

ለምን ይሄን አስበለጥኩ ካላቹ፣ ሌሎቹ ዝግጅቶች ላይ የምትሄዱት የግሪክን ባህል ለማየት ነው፣ እዚህ ግን ቀኑን ሙሉ የያዛቹትን ነገር ይዛቹ ነው የምትገቡት። ጠዋት ስትሰግዱ ውላቹ፣ ምግብ ሳትቀምሱ፣ ጉልበታቹ እየተንቀጠቀጠ ገብታቹ እነሱም ያንኑ ሞት ሲያለቅሱ ታገኟቸዋላቹ። ምስር በኮምጣጤ ነው ያን ቀን የሚበሉት፣ ለጌታ የተሰጠውን ሆምጣጤ ለማሰብ፣ እኛም ጋ በሰሙነ ሕማማት ጉልባን አለ። ትኬት የለም፣ ሂሳብ የለም፣ አብሯቹ የሄደ የግሪክ ልጅ ከዚህ በኋላ ጓደኛቹ ነው። ደክሟቹ እንደሚሆን አውቃለሁ፣ ጸሎቱ መጀመሪያ ላይ ካልደረሳቹ ለዑደቱ ብቻ ድረሱ።

ስትገቡ የሚለዩ ነገሮች አሉ፣ ጫማ አይወለቅም፣ ወንበር አለ፣ ወንድና ሴት አብሮ ይቀመጣል፣ ብዙዎቹ ሴቶች ጸጉራቸውን አይሸፍኑም፣ ነጠላ አድርጋቹ ብትሄዱ ደሞ በክብር ነው የሚያዩት። መግቢያው ላይ ሻማ ይገዛል፣ ትንሽ ዝርዝር ብር ያዙ። ሁለቱ ቤተክርስቲያኖች ከ451ዱ የኬልቄዶን ጉባኤ ወዲህ የቁርባን አንድነት ስለሌላቸው እዛ አይቆረብም፣ ጸሎቱ ላይ መገኘትን በተመለከተ የንስሐ አባታቹን ጠይቁ።

የእሁዱን በግ ጥብስ ከቤተሰብ ጋር ፋሲካ የማታሳልፉ ከሆነ አትለፉት፣ ሙሉ በግ ከሰል ላይ ሲዞር ይውላል፣ ቀይ እንቁላል ይጋጫል፣ የማን እንቁላል ሳይሰበር ቀረ ነው ጨዋታው። ዱለት ለሚወድ ሰው ማጊሪጻ የሚባል ከበግ ሆድ ዕቃ፣ ከእንስላልና ከሎሚ የሚሰራ ሾርባ አለ፣ እሱ የቅዳሜ ሌሊት መፍቻ ነው፣ የተረፈ ካለ ጠይቁ።

ቀኖቹን አሁኑኑ ስልካቹ ላይ መዝግቡ፣ ፋሲካ በ2026 ኤፕሪል 12፣ በ2027 ሜይ 2፣ በ2028 ኤፕሪል 16 ነው፣ አርቡ ከሁለት ቀን በፊት ማለት ነው። የ2027ቱ ፋይናል አካባቢ ስለሚወድቅ ፕሮፌሰሮቻቹን በሴሚስተሩ መጀመሪያ አናግሩ፣ ለሃይማኖት በዓል ፈተና ማስቀየር በብዙ ዩኒቨርሲቲ ይቻላል ግን በጽሁፍና ቀድሞ ነው፣ ስራ ያላቹም ፈረቃ ከአሁኑ ተቀያየሩ።